የብር አቅም በገበያውና በምንዛሪ ሰሌዳው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ብር ዋጋ የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የተላኩልንን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የደብዳቤዎቹን ሐሳብ ሳንለውጥ አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ሥራ በጀመርኩበት በ1970ዎቹ መጀመሪያ 1 የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። ዛሬ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ታዲያ ብር ከ50 ጊዜ በላይ ዋጋ አጣ ማለት ነው ወይስ ዶላር ነው የተወደደው? እንደ እኔ በጡረታ ለሚኖርና ትንሽ ገንዘብ በባንክ ላስቀመጠ ሰውስ የትኛውን ቁጥር መከታተል ይበጃል?
ጡረተኛ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጥያቄዎ ብዙዎች ሳይለዩ የሚያነሷቸውን ሁለት ጉዳዮች የያዘ ስለሆነ በዝርዝር እንመልስልዎታለን። ማንኛውም ገንዘብ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። አንደኛው በአገር ውስጥ ገበያ የሚገዛው የዕቃና የአገልግሎት መጠን ነው፤ የመግዛት አቅሙ የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ከሌላ አገር ገንዘብ ጋር የሚለዋወጥበት ተመን ነው። ሁለቱ በረጅም ዘመን ተከታትለው የሚሄዱ ቢሆኑም በየዓመቱ እኩል አይራመዱም፤ አንዱ ባለበት ቆሞ ሌላው ሊወርድ ይችላል። እርስዎ ባስተማሩባቸው ዓመታት የሆነውም ይኸው ነበር።

ያስታወሱት የ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተመን የራሱ ታሪክ አለው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሥራ ላይ ሲውል ዋጋው በወርቅ ክብደት ተወስኖ ነበር፤ በዚያም ሒሳብ 1 ዶላር ወደ 2 ብር ከ50 ሳንቲም የሚጠጋ ያወጣ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በነሐሴ 1963 ዓ.ም. ዶላር በወርቅ መለወጡን ካስቆሙ በኋላ ዶላር ከወርቅ አንጻር ሁለት ጊዜ ዝቅ እንዲል ተደረገ። ኢትዮጵያ ብርን አብራ ስላላወረደች 1 ዶላር በ1964 ዓ.ም. ወደ 2 ብር ከ30 ሳንቲም፣ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ዝቅ አለ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ብር በዶላር ፊት የጠነከረው የእኛ ምርት በድንገት ስለበዛ ሳይሆን ዶላር ራሱ ስለደከመ ነው። የምንዛሪ ተመን ምንጊዜም የሁለት ገንዘቦች ሚዛን በመሆኑ፣ አንዱ ወገን ብቻ ታይቶ ስለ ሌላው ጥንካሬ ወይም ድካም መናገር አይቻልም።

ከዚያ ወዲያ ተመኑ እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ድረስ ሃያ ዓመት ገደማ ሳይነቃነቅ ቆየ። ገበያው ግን አልቆመም። ጦርነቱ፣ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ፣ የመንግሥት ወጪ መብዛትና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ተደራርበው የብርን የመግዛት አቅም ሲያሳንሱት፣ በባንክ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ያው ነበር። በዚያ ዋጋ ዶላር የሚያገኘው የተፈቀደለት ጥቂት ሰው ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው በድብቅ ገበያ እጅግ ከፍ ባለ ዋጋ ይገዛ ነበር። ጉዳቱ የወደቀው ቡናውንና ቆዳውን ለውጭ ገበያ በሚያቀርበው አምራች ላይ ነው፤ ምርቱ በዶላር ተሸጦ ለእርሱ የሚደርሰው ብር በዚያው ያለ እውነት በተያዘ ተመን ተሰልቶ ነበርና። ሳይነቃነቅ የኖረ ቁጥርን ሁሉ የጥንካሬ ምልክት አድርጎ ማየት ትክክል እንዳልሆነ ይህ ዘመን በደንብ ያሳያል ብለን እናምናለን።

በመስከረም 1985 ዓ.ም. 1 ዶላር 5 ብር እንዲሆን ተወሰነ። ቀጥሎም የጨረታ ሥርዓት ተጀመረ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች በየዕለቱ እርስ በርሳቸው የሚገበያዩበት ሥርዓት ተተካ። በስም ገበያ ቢሆንም ብሔራዊ ባንክ ተመኑን በቅርብ ይቆጣጠረው ስለነበር ብር በየቀኑ በጥቂቱ እንዲወርድ ይደረግና፣ ልዩነቱ ሲጠራቀም ደግሞ በአንድ ጊዜ ዝቅ ይደረግ ነበር። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መጨረሻ ዶላር ከ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ገደማ፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከ23 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ወደ 26 ብር ከ90 ሳንቲም ገደማ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ተመኑ ለገበያ ስለተለቀቀ ከ57 ብር ተኩል ገደማ ተነሥቶ በመጀመሪያው ቀን ወደ 74 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ ደረሰ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ራስ እንመለስ። «ከ50 ጊዜ በላይ» የሚለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ብርና ዶላር ግንኙነት ብቻ ነው። ዶላርም በራሱ አገር የነበረውን አቅም ይዞ አልቆየም፤ በአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1976 በ1 ዶላር ይገዛ የነበረውን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2024 ለመግዛት 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገደማ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ብር የወረደው ራሱም ከሚወርድ ገንዘብ አንጻር ነው። ይህ ማለት ግን የጤፍ፣ የገብስ ወይም የቤት ኪራይ ዋጋ በደብረ ብርሃን በዚያው ልክ አድጓል ማለት አይደለም። የቤትዎ ወጪ የሚለካው በምንዛሪ ሰሌዳ ሳይሆን በየወሩ በሚሸምቱት ነው።

ስለዚህ ለእርስዎ የሚበጀው ቁጥር የዋጋ ግሽበት መጠን ነው፤ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ያወጣዋል። ይህንን ቁጥር ከባንክ ወለድዎ ጋር ያስተያዩት። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለተቀማጭ ገንዘብ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኗል። 10,000 ብር አስቀምጠው በዓመቱ 10,700 ብር ሆኖ ቢቆይዎት መጨመሩን በዓይንዎ ያያሉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ዋጋ በ30 በመቶ ከጨመረ፣ አምና በ10,000 ብር ይገዙት የነበረው ዕቃ ዘንድሮ 13,000 ብር ይጠይቃል። 10,700ን ለ13,000 ቢያካፍሉት 0.82 ያገኛሉ፤ ይህም ማለት በቁጥር የጨመረው ገንዘብዎ በአቅም 18 በመቶ ያህል ቀንሷል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ስለነበር ይህ ሒሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆጥበው ጡረታ የወጡ ሰዎች ምንም ሳያጠፉ እንዲህ ያለ ኪሳራ ሲደርስባቸው ማየት እጅግ ያሳዝናል፤ የዋጋ ንረትን መቆጣጠር ከማንኛውም የምንዛሪ ማሻሻያ ቀድሞ መታየት ያለበትም ስለዚህ ነው። ለጊዜው ማድረግ የሚችሉት ለዓመት ወይም ከዚያ በላይ በሚቆይ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ የተለያዩ ባንኮች የሚሰጡትን ወለድ ጠይቆ ማወዳደር ነው፤ ከዝቅተኛው ወለድ በላይ የሚከፍሉ አሉና።

ጥያቄ፦ ልጄ በሳዑዲ አረቢያ ትሠራለች። የምትልክልኝ ሪያል አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ባንክ የሚሰጠኝ ብር ግን ይለያያል። ዶላር ተወደደ በተባለ ቁጥር ሪያልም አብሮ ይወደዳል። ሪያል የዶላር ዘመድ ነው እንዴ? ደግሞም «በባንክ አትላኪ፣ በሰው ላኪ» የሚሏት ሰዎች አሉ። ምን ልበላት?
እናት፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ያስተዋሉት ትክክል ነው። የሳዑዲ አረቢያ መንግሥት ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ 1 ዶላር ምንጊዜም በ3 ሪያል ከ75 ሃላላ እንዲመነዘር አድርጎ ሪያልን ከዶላር ጋር አስሮታል። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ድርሃምም እንዲሁ 1 ዶላር በ3.67 ድርሃም ገደማ እንዲሆን ታስሯል። እነዚህ አገሮች ነዳጃቸውን የሚሸጡት በዶላር ስለሆነና የተከማቸ የዶላር ክምችት ስላላቸው ይህንን ተመን ጠብቀው ማቆየት ችለዋል። የኩዌት ዲናር ግን ከዶላር ብቻ ሳይሆን ከበርካታ ገንዘቦች ድምር ጋር የተያያዘ በመሆኑ በዶላር ፊት በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

ስለዚህ የሪያልን ዋጋ ለማወቅ የዶላሩን ዋጋ ለ3.75 ማካፈል ይበቃል። ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ 1 ሪያል 15 ብር ከ20 ሳንቲም ነበር፤ ልጅዎ 500 ሪያል ብትልክ 7,600 ብር ይደርስዎታል። ዶላር 120 ብር ሲሆን 1 ሪያል 32 ብር ስለሚሆን ያው 500 ሪያል 16,000 ብር ይሆናል። ብሩ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ በገበያ ያለው ዕቃ በዚያው ልክ ካልተወደደ፣ ቤትዎ ተጠቅሟል ማለት ነው። ጎረቤትዎ በብር ደመወዝ የሚኖር ከሆነ ግን ያው የዋጋ ጭማሪ ምንም ማካካሻ ሳይኖረው ይደርስበታል። የምንዛሪ ለውጥ በአንድ ሰፈር ውስጥ አንዱን ቤት ሲያነሣ ሌላውን የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ባንክ ሲሄዱ ሰሌዳውን በጥንቃቄ ይመልከቱ። በእያንዳንዱ ገንዘብ ትይዩ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ተጽፎ ያገኛሉ። እርስዎን የሚመለከተው ባንኩ የሚገዛበት ዋጋ ነው፤ ከሁለቱ አነስተኛው እርሱ ነው። በእጅ ለሚቀርብ ጥሬ ገንዘብና በሐዋላ ለሚመጣ ገንዘብ የተለያየ ዋጋ የሚሰጡ ባንኮችም አሉ። ከተመኑ መለወጥ ወዲህ ባንኮች የራሳቸውን ዋጋ ስለሚያወጡ በአንድ ከተማ ውስጥ ባሉ ሁለት ቅርንጫፎች መካከል እንኳ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ልጅዎም ከመላኳ በፊት የምትከፍለውን የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ በመጨረሻ በእጅዎ የሚገባውን ብር ጠይቃ ብታወዳድር ይሻላል፤ ተመኑ ከፍ ያለ ሆኖ ክፍያው የሚበዛበት አጋጣሚ አለ።

«በሰው ላኪ» ስለሚለው ምክር፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የጥቁር ገበያው ዋጋ ከባንኩ ወደ እጥፍ የተጠጋ ስለነበር ብዙዎች በዚያ መንገድ መላካቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ ቢጠብም አልጠፋም። ሆኖም ሥራው በሕግ የተከለከለ ነው፤ ደረሰኝ ስለሌለውም ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀር ልጅዎ የምትከራከርበት ማስረጃ አይኖራትም። በሰው ቤት ደክማ ያገኘችው ገንዘብ ነውና በጥቂት ብር ልዩነት ለአደጋ ባይጋለጥ እንመክራለን።

ጥያቄ፦ እኔ የማመርተው ስንዴና ጤፍ እዚሁ አገር የሚበላ ነው። ዶላር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ታዲያ የማዳበሪያ ዋጋ የጨመረው በዶላር ምክንያት ነው የሚሉን ለምንድን ነው?
አርሶ አደር፣ ከእነዋሪ

መልስ፦ ወንድማችን፣ በእጅዎ ባይነኩትም ዶላር ማሳዎ ድረስ ይመጣል። በሞረትና ጅሩ ለስንዴና ለጤፍ የሚጠቀሙበት ዩሪያና ኤንፒኤስ በውጭ አገር ተገዝቶ፣ በመርከብ ጂቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና የሚጓጓዝ ነው። ማዳበሪያውም፣ የመርከቡ ኪራይም፣ መኪናው የሚያቃጥለው ናፍጣም የሚከፈለው በዶላር ነው። በዚህ ላይ ዩሪያ ከተፈጥሮ ጋዝ የሚመረት በመሆኑ የጋዝ ዋጋ ሲወጣ እርሱም ይወጣል፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የማዳበሪያ ዋጋ በመላው ዓለም የናረው በዚህ ምክንያት ነበር።

እንግዲህ የማዳበሪያው ዋጋ ሁለት ክፍል አለው፤ በዓለም ገበያ የሚጠየቀው ዶላርና አንድ ዶላር የሚያወጣው ብር። ለምሳሌ አንድ ኩንታል 50 ዶላር ቢያወጣና ዶላር 57 ብር ቢሆን 2,850 ብር ይሆናል። ዶላር 120 ብር ሲሆን ግን የዓለም ዋጋ ወደ 40 ዶላር ቢወርድ እንኳ 4,800 ብር ይጠየቅበታል። መንግሥት በድጎማ ካላቀለለው በስተቀር ልዩነቱ የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው።

በሌላ በኩል ከውጭ የሚገባው ስንዴ በብር ሲወደድ የአገር ውስጡም ስንዴ ተፈላጊነቱና ዋጋው ይጨምራል፤ ምስርና ሽምብራ የመሳሰሉትንም ላኪዎች በተሻለ ብር ሊገዙ ይችላሉ። ስለዚህ ለገበያ የሚተርፍ ምርት ያለው ገበሬ ከለውጡ የሚያገኘው ነገር ይኖራል። ከቤቱ ፍጆታ የማያልፍ ምርት ያለው ግን ማዳበሪያውን በውድ ገዝቶ የሚሸጠው ስለሌለው ጉዳቱን ብቻ ይሸከማል፤ መደገፍ ያለበትም በመጀመሪያ እርሱ ነው። የእርስዎ ቤት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ የማዳበሪያውን ዋጋ በብር ሳይሆን በስንዴ ይቁጠሩት። አምና አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት ስንት ኪሎ ስንዴ ሸጡ፣ ዘንድሮስ ስንት ኪሎ ሸጡ? ኪሎው ከጨመረ ኑሮዎ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ከቀነሰ ግን የብሩ ቁጥር ቢያስደነግጥም ተጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ መንግሥት ገንዘብ የማተም ሥልጣን ካለው ብዙ አትሞ ለድሆች ለምን አያድልም?
ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ የእህል ነጋዴው የሚሰፍርበትን ቁና በግማሽ ቢያሳንሰው የሚሰፈረው ቁና ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ እህሉ ግን አንዲት ፍሬ አይጨምርም። ዕቃው ሳይበዛ የታተመ ገንዘብም እንደዚያ ነው። ያው ዕቃ በብዙ ብር ይገዛል፤ አስቀድሞ ገንዘብ ያጠራቀመውም ሰው ድርሻው ይቀንስበታል። ጀርመን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዕዳዋንና ወጪዋን በማተም ለመሸፈን ሞክራ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1923 1 ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ እስኪያወጣ ድረስ ገንዘቧ ወደቀ። ዚምባብዌም እ.ኤ.አ. በ2009 የ100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት እስከማውጣት ደርሳ በዚያው ዓመት የራሷን ገንዘብ መጠቀም ለመተው ተገደደች። በአገራችንም መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ የሚበደረው ገንዘብ ሲበዛ ለዋጋ ንረት ምክንያት ሲሆን ቆይቷል።

አንድ ነገር ግን አትደባልቅ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩና የ200 ብር ኖት ሲወጣ አሮጌው ወረቀት በአዲስ ስለተተካ፣ መቀየሩ በራሱ የገንዘቡን መጠን አይጨምርም። ትልቁ ኖት ያስፈለገው ዋጋ ከዚያ በፊት ስለጨመረ ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ አያታችን ያቆዩልን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አለን። 1780 የሚል ዓመት ስላለበት ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ይሉናል። በድሮ ጊዜ ዋጋው ምን ያህል ነበር? ዛሬስ ምን ያህል ያወጣል?
ከአንኮበር

መልስ፦ ስለ ገንዘብ ዋጋ መለዋወጥ ለመጠየቅ ከአንኮበር የተሻለ ቦታ ብዙ የለም። ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ የሚገኘው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ገበያ ነበር። እዚያ ሁለት ገንዘቦች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር፤ አንዱ ከውጭ የመጣው ጠገራ ብር፣ ሌላው ከአፋር በረሃ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው። ለአንድ ጠገራ ብር የሚሰጠው የአሞሌ ቁጥር ቋሚ አልነበረም። ከጨው ማውጫው በራቁ መጠን አሞሌው ስለሚወደድ በአንድ ብር የሚገኘው ቁጥር ያንሳል፤ ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላ የጨው ጫኝ ስለሚቀንስ እንዲሁ ያንሳል። ማንም ባለሥልጣን ሳይደነግገው፣ አሞሌው ሲበዛ ይረክሳል፣ ሲያንስ ይወደዳል። ዛሬ በባንክ ሰሌዳ ላይ የምናየው የዶላር ተመን የሚሠራውም በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ወደ አገር የሚገባው ዶላር ከሚፈለገው ሲያንስ ዋጋው ይወጣል።

ጠገራ ብሩ ራሱም ከዚህ አላመለጠም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ይህም 23.4 ግራም ገደማ ማለት ነው። ክብደቱ ሳይነካ፣ ንጽሕናው ሳይጎድል፣ ዋጋው ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን እጅግ ወርዷል። ጀርመንና ሌሎች የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ ገንዘባቸውን በወርቅ ላይ ሲመሠርቱ ብር ማዕድኑ በገበያ ረከሰ። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ በለንደን 60 ፔንስ ገደማ ያወጣ የነበረ አንድ አውንስ ብር፣ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከ30 ፔንስ በታች ሆነ። ጠገራ ብሩን በሣጥኑ ቆልፎ ያስቀመጠ የሸዋ ሰው ገንዘቡ ሳይቀነስበት በእንግሊዝ ፓውንድ ፊት ግማሽ አቅሙን አጣ። ጠመንጃና ጨርቅ ከውጭ የሚያስመጣ ሁሉ ይህንን በዋጋው ላይ ያየው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ ቢያስቀርጹም ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ቶሎ አልተወም፤ በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክም በዘመኑ ሙሉ በጠገራ ብር መሥራት ግድ ሆኖበታል።

ስለ ዕድሜው፣ 1780 የእቴጌ ማርያ ቴሬዛ የሞት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተቀረጹት ሁሉ ያንኑ ዓመት ስለያዙ፣ የእናንተው ብር ከመቶ ዓመት በታችም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ያለውን ዝቅተኛ ዋጋ ለማወቅ የብር ማዕድንን የዓለም ዋጋ ይጠይቁ። አንድ አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ በጠገራው ውስጥ ያለው ብር ከአውንሱ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን ብሩ 22 ዶላር ተኩል ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የቀድሞ ዘመን ቅርጽ ሆኖ ከተገኘ ሰብሳቢዎች ከዚህ በላይ ሊሰጡበት ይችላሉ። ስለዚህ በአመድም በአሸዋም አትፈትጉት፤ የቅርጹ መስመር ከጠፋ ከማዕድኑ ዋጋ በላይ የሚሰጥበት አይገኝም።

ጥያቄ፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንዱ «ብር በ30 በመቶ ወረደ» ሲል ሌላው «በ23 በመቶ» ይላል። ማን ነው ትክክል?
ነጋዴ፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ የተነሣንበት ዋጋ 57 ብር ተኩል፣ የደረስንበት 74 ብር ከ70 ሳንቲም ነው እንበል። የዶላር ዋጋ የጨመረው በ17 ብር ከ20 ሳንቲም ስለሆነ፣ ይህንን ለ57 ብር ተኩል ስናካፍል 30 በመቶ ገደማ እናገኛለን። አሁን ደግሞ ከብር በኩል እንየው። ቀድሞ 100 ብር 1 ዶላር ከ74 ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ በኋላ 1 ዶላር ከ34 ሳንቲም ብቻ ገዛ። የቀነሰው 40 ሳንቲም ለ1 ዶላር ከ74 ሲካፈል 23 በመቶ ነው። ሒሳባቸው ሁለቱም ትክክል ነው፤ ነገር ግን «ዶላር በ30 በመቶ ተወደደ» ወይም «ብር በ23 በመቶ ወረደ» መባል ሲገባው ሁለቱ ተደባልቀው ይነገራሉ። ዶላር እጥፍ ቢሆን ጭማሪው 100 በመቶ ይሆናል፤ ብር ግን የወረደው በ50 በመቶ ነው፤ በ100 በመቶ ወረደ ማለት ጨርሶ ዋጋ የለውም ማለት ነውና።

ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚያዝዙ ከሆነ የመጀመሪያውን ቁጥር ይያዙ፤ ለዕቃው ተጨማሪ የሚያወጡትን ብር የሚነግርዎት እርሱ ነው። በመጋዘን ያለ ዕቃዎን በብር ሸጠው መልሰው ለመግዛት ካሰቡና ገንዘብዎ ምን ያህል ዕቃ እንደሚያመጣ ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ ሁለተኛው ይረዳዎታል፤ ቀድሞ 100 ካርቶን ያስመጣ የነበረው ያው ብር፣ የውጭው ዋጋ ካልተለወጠ፣ አሁን 77 ካርቶን ብቻ ያስመጣል።